ጥያቄና መልስ፦ የቤት ሌዘር መቁረጫን ጭስ ወደ ውጭ ስለማውጣት

ከሌዘር መቁረጫ የሚወጣውን ጭስ ከቤት ስለማስወጣት የቸገራችሁን ጠይቁኝ፤ ማታውን ሙሉ አለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ምን እንደምትቆርጡ፣ ቱቦው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነና ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ ማራገቢያው የት እንደተገጠመ። እነዚህን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ግምት ነው። ፒቪሲ (ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ የሚለቅ ፕላስቲክ) እየቆረጠ ያለ ካለ ይህን ማንበብ ትቶ መጀመሪያ ማሽኑን ያጥፋ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ጥሩ ማራገቢያ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ማሽን? ለስንት ሜትር ቱቦ? ሦስቱን ይዘህ ተመለስ።

ኮምፔንሳቶ፦ እንደምን አመሹ ጋሼ። 60 ዋት ሌዘር አለኝ፤ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ነው የምቆርጠው። ቱቦው 100 ሚሊሜትር ነው፣ 4 ሜትር ይሄዳል። ማራገቢያው ማሽኑ ጀርባ ላይ ተገጥሟል። ክፍሉ ግን አሁንም ይሸታል። ኃይለኛ ማራገቢያ ልግዛ?

መልስ፦ እንደምን አመሸህ። እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። አትግዛ። ያለህን ማራገቢያ ከማሽኑ ጀርባ ንቀለውና ወደ ቱቦው መጨረሻ ውሰደው። ዝናብ የሚችል ከሆነ ከግድግዳው ውጭ ግጠመው፤ ካልቻለ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን ይጠጋ።

ማራገቢያ ከኋላው ይስባል፣ ከፊቱ ይገፋል። ማሽኑ ጀርባ ላይ ካስቀመጥከው 4 ሜትሩ ቱቦ በሙሉ በግፊት ይወጠራል፤ በየመጋጠሚያው ያለች ቀዳዳ ሁሉ ጭስ ወደ ክፍሉ ትተፋለች። መጨረሻው ላይ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ያለው ቱቦ ሁሉ ሳቢ ይሆናል። ያችው ቀዳዳ ያኔ የክፍሉን አየር ትስባለች እንጂ ጭስ አታወጣም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን ስተክል እንዳንተው ማራገቢያውን ከጀርባ አደረግሁት። ለወራት ማታ ማታ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ድካም ነው እያልኩ አለፍኩት። አንድ ቀን መደርደሪያ ሳነሳ ከቱቦው መጋጠሚያ ትይዩ ግድግዳው ላይ ጣት የሚያህል ቡናማ መስመር አየሁ። ስነካው ይጣበቃል። ሰንደል ለኩሼ ወደ መጋጠሚያው ሳስጠጋ ጭሱ ወደ ፊቴ ተመለሰ። ማራገቢያውን ወደ ውጭ ካወጣሁት በኋላ ሰንደሉን እዚያው ብይዝ ጭሱ እንደ ክር ተስቦ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ራስ ምታቱም በዚያው ቀረ።

ከተረፈህ ገንዘብ ቱቦውን ወደ 150 ሚሊሜትር ቀይር። የቱቦው አፍ ስፋት 2.25 እጥፍ ያድጋል፤ ያንኑ ያህል አየር ሲያልፍበት የሚገጥመው ተቃውሞ ግን ወደ አንድ ሰባተኛ ይወርዳል። ጎሚቶም ቀንስ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ተጨማሪ ቱቦ እንደቀጠልክ ይቆጠራል።

ጣውላ ወዳጅ፦ እኔ ተጣጣፊውን ቱቦ ነው የምጠቀመው፤ ምንም ችግር የለውም።

ኮምፔንሳቶ፦ ርካሽም ነው።

መልስ፦ አጭር ከሆነና እስከ መጨረሻው ከተወጠረ ይሠራል። የተጨማደደ ከሆነ አየሩን ያንቃል፣ በየሽብሽቡም ጥላሸትና ሙጫ ይጠራቀማል። ያ ክምችት ይነዳል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ለስላሳ የላሜራ ቱቦ፣ በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ወይም በአሉሚኒየም ቴፕ የታሰረ፣ እየተፈታ የሚጸዳ ይሁን። ማሽኑ እየሠራ ትታችሁት አትውጡ። ይህን ደግሜ እላለሁ።

ሌሊት ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ነው የምሠራው። መጀመሪያ በደንብ ይስብ ነበር፣ አሁን ግን ጭሱ ማሽኑ ውስጥ ይዞራል።

መልስ፦ ይሄኛው ጥያቄ በጣም ያሳስበኛል፤ በጥንቃቄ አንብቢው እህቴ። የወጣውን ያህል አየር መግባት አለበት። ክፍሉን ከዘጋሽው ማራገቢያው የሚስበው ያጣል፤ ይጮኻል እንጂ አየር አያንቀሳቅስም። ከማሽኑ ተቃራኒ ባለው ጎን መስኮት ክፈቺ፤ ንጹሑ አየር ክፍሉን አቋርጦ ማሽኑ ውስጥ ይግባ።

ከዚህ የከፋም አለ። ቤቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ወይም የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ካለ፣ የተራበው ማራገቢያ አየሩን በዚያ ጭስ ማውጫ በኩል ወደ ታች ሊስበው ይችላል። ይዞት የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ካለሽ ዛሬውኑ መስኮት ክፈቺ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ግጠሚ።

አክሪሊክ፦ እኔ ግን ሽታ ከሌለ አየሩ ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ። አፍንጫ አይዋሽም።

ጣውላ ወዳጅ፦ አሁን የማይሸት ጋዝ ይገድላል ሲባል አላነበብክም?

አክሪሊክ፦ እሱ የምድጃ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሌዘር ነው።

ጣውላ ወዳጅ፦ እንጨት ሲቃጠልስ ከየት ይመጣል? ያው እሳት አይደል?

መልስ፦ ጣውላ ወዳጅ ልክ ነው። በዚያ ላይ አፍንጫ ይለምዳል፤ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ) ሲቆረጥ የሚወጣው ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባል ጋዝ መጀመሪያ ያፍናል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የጠፋ ይመስላል። ያልጠፋ መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ ከውጭ የሚመጣ ሰው ጠይቅ። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ማጣሪያ፦ የከሰል ማጣሪያ ካለኝ ወደ ውጭ ማውጣት አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ ወደ ውጭ ማውጣት ከቻልክ አውጣ። ከሰል የሚይዘውን ይይዛል፤ ሲሞላ ግን አይነግርህም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንም አያስቀርም። የእንጨት ሬንጅ ደግሞ የብናኝ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል።

ማጣሪያ፦ ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ ብለቀውስ?

መልስ፦ በፍጹም። የሚቀጣጠል ጥላሸት ጣሪያህ ሥር ማከማቸት ነው። መስኮት ላይ ጣውላ ገጥመህ ክብ ቀዳዳ ቁረጥበት፤ በዚያ አውጣው። አፉ ከማንም መስኮት ራቅ ይበል፣ ወደ ታች ይደፋ፣ ነፋስ እንዳይመልሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይኑረው።

ቆዳ፦ ቆዳስ?

መልስ፦ በክሮም የተለፋ ከሆነ አትቁረጥ። በእጽዋት የተለፋውን ብቻ።

ስም የለኝም፦ ፒቪሲ በጥሩ ማራገቢያ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከላይ ጽፌያለሁ። ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይወጣል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ነው። ሳንባህን ያቃጥላል፣ የማሽኑን ሐዲድ ያዝጋል፣ ሌንሱን ያበላሻል፣ ውጭ ያለውንም ሰው ይጎዳል።

ስም የለኝም፦ ፒቪሲ መሆኑን በምን ልለየው?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ውጭ ላይ የመዳብ ሽቦ በቆንጥጫ ይዘህ እሳት ላይ አግለው፤ ፕላስቲኩን ንካበትና መልሰህ እሳቱ ላይ ያዘው። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ አትቁረጠው።

ኤምዲኤፍ፦ የማራገቢያውን ገመድ ከማሽኑ ማብሪያ ጋር ላገናኘው?

መልስ፦ ያን ኤሌክትሪሺያን ጠይቅ። እኔ የምለው፣ መቁረጡ ካለቀ በኋላም ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ክዳኑን ከዚያ ክፈት። በተለይ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ)፤ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ ይለቃል።

ሌላ ጠያቂ፦ ማራገቢያውን የት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለኮምፔንሳቶ የመለስኩትን አንብብ። መጨረሻው ላይ።

ጀማሪው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። 3 ሚሊሜትር አክሪሊክ፣ 100 ሚሊሜትር ቱቦ፣ 6 ሜትር፣ ሦስት ጎሚቶ። ማራገቢያው የኮምፒውተር ነው፣ ማሽኑ ላይ ነው ያለው።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። የኮምፒውተር ማራገቢያ ነጻ አየር ለማንቀሳቀስ የተሠራ ነው፤ 6 ሜትር ቱቦና ሦስት መታጠፊያ ሲገጥመው ቆሞ ይሽከረከራል እንጂ አይገፋም። ሴንትሪፉጋል ማራገቢያ (አየሩን ወደ ዳር እየወረወረ በግፊት የሚነዳ)፣ ከቱቦው ጋር በመስመር የሚገባውን ፈልግ፤ ግድግዳው ጋ ይሁን። ማሽኑን ወደ መስኮቱ ካስጠጋህ 6 ሜትሩ 2 ይሆናል፣ ጎሚቶውም አንድ ይበቃዋል፤ ይህን ከመግዛትህ በፊት አድርገው።

ከገጠምክ በኋላ ሳትቆርጥ ማራገቢያውን ብቻ አብራ፤ ቁራጭ ሶፍት ማሽኑ አየር በሚያስገባበት ቀዳዳ ላይ ያዝ። ወደ ውስጥ ተስቦ ከተለጠፈ ጀምር። ከተንጠለጠለ አትጀምር፤ ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ።