ከኬሞ በኋላ በዐሥረኛው ቀን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ባለፈው ማክሰኞ ሁለተኛውን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስደዋል፤ ሐኪሙ «ትኩሳት ከመጣ ወዲያውኑ አምጪአቸው» ብሎ ሸኝቷችኋል። ቤታችሁ ሰንዳፋ ስለሆነ፣ ሌሊት ቢያማቸው ምን እናድርግ፣ ሆስፒታል ቢተኙስ ምን ይገጥማቸዋል ነው የምትዪው። እኔ የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ጨርሻለሁ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳላስበው ስድስት ቀን የተኛሁትም ልክ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መድኃኒቶቼ ሕሙማን «ቀዩ» የምንለው ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ነበሩ፤ በየ21 ቀኑ እወስዳቸው ነበር። በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ሐምሌ ነውና የዝናቡ ቅዝቃዜ መስሎኝ ጋቢ ደረብኩ። ማታ ሰውነቴ ነደደ። አማቴ ግንባሬን ዳሰስ አድርገው «ምች ነው» አሉና ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡኝ። ከልባቸው አዝነው ያደረጉት ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ፓራሲታሞል ዋጥኩና ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነቃሁ። ባለቤቴ ሌላ ፓራሲታሞል ሰጠኝ፣ ጎረቤታችንን ቀሰቀሰና በእርሱ መኪና በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ ገባን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ትኩሳቱ በክኒኑ ወርዶ ነበር። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነርሷ ስትለካኝ 37.4 ሆነ፤ «ተቀምጠሽ ጠብቂ» ተባልኩ። ባለቤቴ «ትኩሳት ነበራት» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም፤ እኔ ደግሞ ለመናገር አቅም አልነበረኝም። አግዳሚው ላይ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ራሴን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ሻሼ ተንሸራተተና ወደቀ። በዚያ ስታልፍ የነበረች ተረኛ ሐኪም መላጣዬን አይታ ቆመች። «ኬሞ ላይ ነሽ? ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለችኝ። ዐሥረኛ ስላት ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ አልጋ ተፈለገ፣ ደም ተወሰደ፣ የላብራቶሪው ውጤት ሳይመጣ በደም ሥሬ አንቲባዮቲክ ተጀመረ። ውጤቱ ሲመጣ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ከ1500 በላይ መሆን ሲገባው 200 ላይ ነበር።

ይህችን ሐኪም ዕድሜዬን በሙሉ አመሰግናታለሁ። ነገር ግን የእናትሽ ነገር በሻሽ መውደቅ ላይ መንጠልጠል የለበትም። በሩ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትናገሪው «እናቴ ኬሞ ላይ ናቸው፤ ከወሰዱ ይህን ያህል ቀናቸው ነው፤ ቤት ስንለካ ይህን ያህል ነበር» የሚለው ይሁን። መድኃኒቶቻቸው የተጻፉበትን ወረቀትና ካርዳቸውን በእጅሽ ያዢ። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ከደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ሊጀመርለት ይገባል፤ አንድ ሰዓት አግዳሚ ላይ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክንያቱን ሐኪሟ በማግስቱ አስረዳችኝ። ኬሞው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ሁሉ ስለሚመታ መቅኒውም ይጎዳል፤ ስለዚህ ነጭ የደም ሴል ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ድረስ በጣም ዝቅ ይላል። መግል የሚሠሩት፣ ቁስል ቀይ እንዲሆን የሚያደርጉት እነዚህ ሴሎች ናቸው። እነርሱ ከሌሉ ኢንፌክሽኑ በዓይን አይታይም፤ ትኩሳቱ ብቻውን ምልክት ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ያንን አንድ ምልክት ደበቀብኝ። አስቀድመሽ ለኪ፤ 38 ከደረሰ ለሐኪም ሳትነግሪ ክኒን አትስጪ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ሙቀታቸው ባይጨምር እንኳ ብርድ ካንቀጠቀጣቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ይዘሻቸው ሂጂ።

ባለቤቴ ጉንፋን ይዞት ስለነበር «እኔ ነኝ ያመጣሁባት» እያለ በጣም ይጨነቅ ነበር። ሐኪሟ ግን ብዙ ጊዜ ጀርሙ ከሕመምተኛው ከራሱ አፍና አንጀት እንደሚነሣ ነገረችው። አንቺም ራስሽን እንዳትከሺ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እጅ መታጠብ፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት መተው፣ ሰላጣውን ለጊዜው መተው ተገቢ ነው፤ ይህን ሁሉ ጠብቆም ትኩሳት ሊመጣ ይችላል።

ስለ መተኛቱ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከባድ ናቸው። ትኩሳቱ ይወጣል ይወርዳል፤ አፌ ቆስሎ ስለነበር የምውጠው አጥሚት ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። አስታማሚዬ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ዋና ሥራዋ የማዘዣ ወረቀት ይዞ መሮጥ ሆነ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ከውጭ ይገዛ ነበርና። ለዚህ ጥቂት ገንዘብ አስቀምጪ፤ የጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን ከካርዱ ጋር አድርጊው።

ያላሰብኩበት ጭንቀት የጠያቂው ብዛት ነበር። ብርቱካንና አምቦ ውኃ ይዞ ከየት ድረስ የመጣን ዘመድ «አትሳመኝ» ማለት ለእኛ ሰው ሞት ነው። እህቴ በር ላይ ቆማ «ሐኪም ከልክሏል፤ ከዚህ ሆናችሁ ‹ይማርሽ› በሏት» እያለች መለሰቻቸው። የተቀየመ አንድም ሰው አልነበረም። በእናንተም ቤት ይህን የሚናገር አንድ የሚከበር ሰው አሁኑኑ ምረጡ።

ሦስተኛው ዙር በአንድ ሳምንት ዘገየ። በዚያ ሳምንት ሕክምናው የተበላሸ መስሎኝ ብዙ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ ግን ደሙ እስኪያገግም መጠበቅ የተለመደ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዙሮች ከኬሞው ማግስት ጀምሮ ፊልግራስቲም የሚባል፣ ነጭ የደም ሴልን የሚያበዛ መርፌ ቆዳዬ ሥር እወጋ ነበር። ወገቤንና ዳሌዬን አጥንቴ ድረስ ቢያመኝም ትኩሳቱ አልተመለሰም። ለእናትሽ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ለሌሊቱ ጉዞ፣ የ907ን አምቡላንስ ቁጥር ከመያዝ ሌላ፣ በአካባቢያችሁ መኪና ያለውን ሰው ዛሬውኑ አነጋግሪው፤ «በማንኛውም ሰዓት ልደውል እችላለሁ» በዪው። ጋቢ፣ ነጠላ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀርና ካርዱ በአንድ ቦርሳ በር ሥር ይቀመጡ። ኬሞውን የወሰዱት ባለፈው ማክሰኞ ከሆነ ሰባተኛው ቀን የፊታችን ማክሰኞ ነው። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ከሌላችሁ ከዚያ በፊት ግዢ።