መካከለኛው ምድር ወይስ ማእከለ ምድር?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን የፈጠራ ዓለም ካርታ በአማርኛ እየሣለች ነው። አጎቷ የዓለሙን ስም በተመለከተ «ስም አይተረጎምም፤ ሚድል ኧርዝ ብለሽ ጻፊ» ይላታል። እሷ «መካከለኛው ምድር» ብላለች። «ጎንዶር» የሚለውን የአገር ስምም «ጎንደር» አድርጋዋለች። ልኩ የቱ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ለመተርጎም መድፈሯ ደስ ብሎኛል። «ስም አይተረጎምም» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ቶልኪን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1945 በኦክስፎርድ የጥንት እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። የደችና የስዊድን ተርጓሚዎች ስሞቹን የያዙበት መንገድ ስላላስደሰተው ለተርጓሚዎች መመሪያ ጽፏል። በእንግሊዝኛ ትርጉሙ የሚሰማ ስም ይተርጎም፤ እሱ በፈጠራቸው ቋንቋዎች የተሰየመው እንዳለ ይቀመጥ ነው የሚለው። «ሚድል ኧርዝ» ከመጀመሪያው ወገን ነው።

ግን «መካከለኛው» ይከብደኛል። ሽንኩርት ስንገዛ «መካከለኛውን ስጪኝ» እንላለን። ትልቅም ትንሽም ያልሆነውን ማለታችን ነው። መካከለኛ ቁመት፣ መካከለኛ ገቢም እንደዚያው። በዚያ ላይ ምድር ሴት ናት። «ምድርም ባዶ ነበረች» ይላል ኦሪት ዘፍጥረት። ቢያንስ «መካከለኛዋ» ትባል።

የእኔ ምርጫ «ማእከለ ምድር» ነው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 73 ላይ «ወገብረ መድኃኒተ በማእከለ ምድር» የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እባክዎ፣ በአልፋው «አ» ይጻፍ። «ማዕከል» በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስለተለጠፈ ዐይኑ «ዐ» አሸንፏል፤ ግእዙ ግን አልፋ ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲወርድ በሁለት መንገድ ሄዷል። በአንዱ «ከ» ተደግሞ «መካከል» ሆነ። በሌላው «ከ» ወደ «ኸ» ላልቶ «መኻል» ሆነ፤ ዛሬ «መሀል» የምንለው ማለት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች በ«ኻ» ሲጽፉት የቃሉን ዘር እያሳዩን ነበር።

የእንግሊዝኛውም ቃል ብዙ ተጉዟል። በጥንቱ ቋንቋ ሁለተኛው ክፍል «ቅጥር፣ ግቢ» ማለት ነበር። ሙሉ ስሙም የሰው ልጅ የሚኖርባት መካከለኛ ቅጥር ነው። ኋላ ሰዉ የ«ግቢ»ን ድምፅ ከ«ምድር» ድምፅ ጋር አምታታውና ምድር ገባች። «ማእከለ ቅጽር» ብል በወደድኩ። ቶልኪን የያዘው ግን ምድር የገባችበትን ስለሆነ ትቼዋለሁ።

«ማእከለ ምድር ማለት የምድር መሀል እንጂ መሀል ያለች ምድር አይደለም፤ ማእከላዊት ምድር በሉ» የሚሉ አሉ። በሰዋስው ልክ ናቸው፤ መካድ አልችልም። ይሁንና «ማእከላዊ» ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ የመንግሥት መዋቅር ነው። «ማእከለ ምድር» ግን ሲጠሩት የአገር ስም ይሆናል። ምርጫዬን አልለውጥም።

ጎንዶር ከሁለተኛው ወገን ነው። በቶልኪን የፈጠራ ቋንቋ «ጎንድ» ድንጋይ፣ «ዶር» አገር ነው። የድንጋይ አገር ማለት ነው። በሌላው የቶልኪን አገር ስም፣ በሞርዶር ላይ ያለውም ያው «ዶር» ነው፤ ትርጉሙ ጥቁር አገር። አንዱን «ደር» ካደረገችው የሁለቱ ስሞች ዝምድና ከካርታው ላይ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሰው «ጎንዶር» ከእኛው ጎንደር የመጣ እንደሆነ ቶልኪንን ጠይቆት ነበር። ቶልኪን ግን የስሙን መነሻ ያስረዳው በዚያው ድንጋይ በሚለው ቃል ነው። የፋሲልን ግንብ ላየ ሰው «የድንጋይ አገር» የሚለው ልቡን ይነካዋል፤ እኔንም ነክቶኛል። ግጥምጥሞሽ ግን ዝምድና አይሆንም።

«መካከለኛው»ን በተመለከተ፣ «መካከለኛው ምሥራቅ»ና «መካከለኛው ዘመን» በሩን ከፍተውታል። ዛሬ ወጣቱ ሲሰማው ቦታ እንጂ መጠን አይታየውም። ልጅዎ እንዳለ ብትተወው ተሳስታለች አልልም። «ደ»ን ግን በላጲስ አጥፍታ «ዶ» ታድርገው።