120ው ሰዓት የት ነው የሚሠራው?

ሥራና ሙያ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሜልቦርን ናቸው። ጉዳያቸው አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው የመደገፍ ሥራ ነው፤ አውስትራሊያ ያለው ሐበሻ ባጭሩ «ሰፖርት ወርከር» የሚለው። አንድ ጥያቄ ከአዲስ አበባ አለ፤ መጨረሻ ላይ አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ኮሌጅ በሦስት ሳምንት ሰርተፊኬት 3 እንሰጣለን ይላል። ሁሉም በኦንላይን ነው፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ጓደኛዬ ወስዳ ሥራ ይዛለች። ልመዝገብ? (ከሰንሻይን)

መልስ፦ አይመዝገቡ። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

ትምህርቱ ሙሉ ስሙ «ሰርቲፊኬት ስሪ ኢን ኢንዲቪጁዋል ሰፖርት» ነው፤ መለያ ቁጥሩ ሲኤችሲ33021። 15 የትምህርት ክፍሎች አሉት፤ 9ኙ የግድ የሚወሰዱ፣ 6ቱ የሚመረጡ። ምርጫው ወደ አረጋውያን ወይም ወደ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሊያዘነብል ይችላል፤ ሁለቱንም ማጣመርም ይቻላል። ከክፍል ውጭ ደግሞ ቢያንስ 120 ሰዓት በእውነተኛ የሥራ ቦታ፣ ከእውነተኛ ተገልጋይ ጋር መሥራት ያስፈልጋል። ፕሌስመንት የሚሉት ይህን ነው። በሳምንት 38 ሰዓት ቢሠሩ እንኳ ፕሌስመንቱ ብቻውን ከሦስት ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ኮሌጁ የነገርዎት ሒሳብ በራሱ አይገጥምም። ትምህርቱ በአግባቡ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል።

ጓደኛዎ ሥራ ማግኘቷ ዋስትና አይሆንም። የሙያ ማሠልጠኛዎች ተቆጣጣሪ የሆነው አስኳ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የበርካታ ማሠልጠኛዎችን ፈቃድ ሰርዟል፤ እነሱ የሰጧቸውን ከ20,000 በላይ የምስክር ወረቀቶችም ውድቅ አድርጓል። ከተሰረዙት ውስጥ ይኸው የድጋፍ ሥራ ትምህርት ይገኝበታል። ወረቀታቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ደብዳቤ ደርሷቸው፣ ከፊሎቹ ሥራ ላይ እያሉ፣ በሌላ ማሠልጠኛ እንደገና ለመማር ወይም ለመመዘን ተገደዋል። ርካሽ ያሉት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ከመክፈልዎ በፊት «ትሬኒንግ ዶት ጎቭ ዶት ኤዩ» ገብተው የማሠልጠኛውን ስም ይፈልጉ። የተመዘገበ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ይህን ትምህርት እንዲሰጥ የተፈቀደለት መሆኑን ዝርዝሩ ላይ ያረጋግጡ። ከዚያ ስልክ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የፕሌስመንት ቦታ የሚያፈላልገው ማን ነው? መዛኙ ሥራ ቦታው ድረስ መጥቶ ያየኛል ወይ? ከየትኞቹ ተቋማት ጋር ውል አላችሁ? «ፕሌስመንቱን ራስህ ፈልግ፣ ካላገኘህም ቅጹን እናስተካክልልሃለን» የሚል ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉ።

ቪክቶሪያ ውስጥ የመንግሥቱ ማሠልጠኛ ቴፍ (ከእህሉ ጋር ዝምድና የለውም) እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን ትምህርት ብቁ ለሆኑ ነዋሪዎች ያለ ትምህርት ክፍያ ይሰጣል። ዩኒፎርምና አንዳንድ ማጣሪያ ወረቀቶች (የፖሊስና የመሳሰሉት) ግን ከኪስ ይወጣሉ። ሲመዘገቡ የንባብ፣ የጽሑፍና የሒሳብ ፈተና ይሰጥዎታል። እንግሊዝኛዎ ካልደረሰ አያፍሩበት፤ ለስደተኞች የሚሰጠው ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ኤኤምኢፒ፣ ከ2021 ወዲህ የድሮው የ510 ሰዓት ገደብ ተነሥቶለታል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያዎቹን ሁሉ ልኬ ስሜ አልገጥም እያለ ይመለስብኛል። ምን ላድርግ? (ከፉትስክሬይ)

መልስ፦ ይህ የእኛ ሰው የተለመደ ችግር ነው። ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተደርድሯል፤ ቪዛው ላይ አያት «የቤተሰብ ስም» ሆኗል፤ ሜዲኬር በሚባለው የሕክምና ካርድ ላይ ደግሞ አባት። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ያያል። የልደት ቀንም አንዱ ቦታ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሲፈጥር ይታያል።

መጀመሪያ አንድ ዋና ሰነድ ይምረጡ። ብዙውን ጊዜ ቪዛዎ የታሰረበት ፓስፖርት ወይም ኢሚካርድ (ፓስፖርት ለሌለው ኢሚግሬሽን የሚሰጠው ካርድ) ነው። ሌላውን ሁሉ፣ ነጥቡና ክፍተቱ ሳይቀር፣ ወደዚያ ያስተካክሉ። ቀጥሎ የተማሪ መለያ ቁጥርዎን ያውጡ። ዩኤስአይ ይባላል፤ ነጻ ነው፤ 10 ፊደልና ቁጥር አለው፤ ያለ እሱ ምስክር ወረቀት አይሰጥዎትም። ከዚያ የፖሊስ ማጣሪያው፣ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ደግሞ 5 ዓመት የሚጸናውና በሁሉም ክፍላተ ግዛት የሚሠራው የኤንዲአይኤስ (የመንግሥቱ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ፕሮግራም) ሠራተኛ ማጣሪያ ይመጣል። ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሌላ ማጣሪያ ይጨምራል። አሠሪዎች የመጀመሪያ እርዳታ ወረቀትም ይጠይቃሉ፤ የልብና የመተንፈስ ማነቃቂያው ክፍል በየዓመቱ፣ ሙሉው በየ3 ዓመቱ እንዲታደስ ይመከራል። ኤንዲአይኤስ ራሱ ያዘጋጀው የኦንላይን መግቢያ ትምህርትም አለ፤ ክፍያ የለውም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ፕሌስመንት ከመጀመሩ በፊት ጨርሰው ማስረጃውን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ፕሌስመንት ላይ ነኝ። አንዲት አሮጊት እናት አለባብሼ፣ ጸጉራቸውን አበጥሬ፣ ቁርስ አጉርሼ ስጨርስ ተቆጣጣሪዬ «ከመጠን በላይ እየረዳሻቸው ነው» አለችኝ። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው እንዲህ አይደለም ወይ የሚረዳው? እንደ ሰነፍ ቆጠረችኝ መሰለኝ። (ከኖብል ፓርክ)

መልስ፦ ሰነፍ አላለችዎትም። ግን ትክክል ናት።

ለእናቴ የማደርገውን ላድርግ ብለው ነው፤ ልብዎ ደህና ነው። የዚህ ሙያ መነሻ ግን ሌላ ነው፦ ሰውዬው ዛሬ የሚችለውን ነገ እንዳያጣው ማድረግ። ሸሚዝ መቆለፍ የሚችሉ እናት ለሦስት ሳምንት ሌላ ሰው ከቆለፈላቸው ጣታቸው ይተሳሰራል፣ በአራተኛው ሳምንት በእርግጥም ላይችሉ ይችላሉ። የእርስዎ ደግነት የእሳቸውን አቅም ወሰደ ማለት ነው።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ልብሱን በሚለበስበት ቅደም ተከተል አልጋው ላይ ይደርድሩ፤ የውስጥ ልብስ ከላይ፣ ሹራብ ከታች። ይቁሙና ይጠብቁ። ዝምታው ይከብዳል፤ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ካልጀመሩ አንድ ቃል ይበሉ፦ «እጅጌው»። ካልሆነ ይጠቁሙ፤ ካልሆነ በራስዎ ልብስ ያሳዩ፤ እጅዎን የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በተሳነው ቦታ ብቻ። አንድ ጎናቸው የደከመ ከሆነ ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ ጤነኛው። ይህን ገልብጦ መሥራት ትከሻን ያሳምማል፤ አዲስ ሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስለ ጉርሻው ጠንከር ብለን እንናገር። መዋጥ የሚቸግረው ሰው በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ የምግብ ደረጃ ተጽፎለታል፤ ኢድሲ የሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 7 ይሄዳል። ደረጃ 5 የተባለ ምግብ ለአዋቂ ሰው ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በተለመደ ሹካ ጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ማለት ነው። ደረጃ 6 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም ደረጃዎች ዳቦ ያለ ስፒች ፓቶሎጂስት (የንግግርና የመዋጥ ችግር ባለሙያ) ግምገማ አይሰጥም፤ እንጀራንም በራስ ፈቃድ ማቅረብ ልክ አይደለም፣ ይጠይቁ። ጠቅለል ያለ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ጉሮሮው በማይታዘዝ ሰው ላይ ግን ማነቂያ ይሆናል።

ሌላም አለ። ይወድቃሉ ብለው በር መቆለፍ፣ ስኳር አለባቸው ብለው ማቀዝቀዣውን መቆለፍ፣ እንዳይነሡ ብለው የአልጋ መከላከያ ብረት ወደ ላይ መቆለፍ እንደ ጥንቃቄ ሳይሆን እንደ ነጻነት መገደብ ሊቆጠር ይችላል። ተገልጋዩ በኤንዲአይኤስ የሚደገፍ ሆኖ በዕቅዱ ላይ ያልተፈቀደ ከሆነ ተቋሙ ለኤንዲአይኤስ ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት፤ ጊዜው 5 የሥራ ቀን ነው፤ ጉዳት ካደረሰ 24 ሰዓት። የእርስዎ ድርሻ ያዩትን ወዲያው ለተቆጣጣሪዎ መንገር ነው።

«አንቱ» ማለትዎን አይተዉ። እንግሊዝኛው «አንቱ» የለውም፤ ስለዚህ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቁ። ፈረንጁ በመጀመሪያ ስሙ ጥሩኝ ሊል ይችላል። ኢትዮጵያዊት እናት ግን በስም ብቻ ስትጠራ ፊቷን ታዞር ይሆናል፤ ይህን ለባልደረቦችዎ ማስረዳት የእርስዎ ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ ሆይስት (ሰው ከአልጋ የሚያነሣው ማሽን) ያስፈራኛል። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። (ስማቸውን ያልገለጹ)

መልስ፦ መፍራትዎ ከመናቅ ይሻላል። ዕቅዱ ሁለት ሰው ካለ ሁለት ሰው ነው፤ ጓደኛዎ አርፍዶ ቢሆን እንኳ ብቻዎን አይጀምሩ። መያዣው ጨርቅ ላይ የሚሸከመው ክብደትና መጠኑ የተጻፈበት ምልክት አለ፤ ምልክቱ ከተላጠ ወይም ስፌቱ ከተተረተረ ጨርቁን ያግልሉት። ማንጠልጠያ ቀለበቶቹ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁኑ፤ ካልሆነ ሰውዬው ወደ አንድ ጎን ይዘነብላል። የአልጋውን ፍሬን ይቆልፉ፣ የተንቀሳቃሹን ሆይስት ፍሬን ግን ሲያነሡ ፈትተው ይተዉት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ሆይስቱ ሲያነሣ ራሱ ወደ ክብደቱ መሐል መጠጋት አለበት፤ ከተቆለፈ ሰውዬውን ይጎትተዋል፣ ሊገለበጥም ይችላል። የመሣሪያው መመሪያ የተለየ ካለ መመሪያውን ይከተሉ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንዳነሡ ይቁሙ፣ አራቱንም ቀለበት በዓይን ይዩ፣ ከዚያ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ተገልጋዩ ውሎ የምጽፈው ኖት ሁሌ ይመለስብኛል። እንግሊዝኛዬ ግን መጥፎ አይደለም። (ከፉትስክሬይ)

መልስ፦ ችግሩ እንግሊዝኛው ላይሆን ይችላል። «ዛሬ ተናድደው ነበር፣ ምግብ እምቢ አሉ» ብለው ከጻፉ የጻፉት የራስዎን ግምት ነው። የሚፈለገው ዓይን ያየው ነው፦ «12:15 ሳህኑን በቀኝ እጃቸው ገፉ፣ ‹አልፈልግም› አሉ። 12:40 ዳግም ሲቀርብላቸው ግማሽ ሳንድዊችና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ወሰዱ። 12:50 ለቡድን መሪዋ ተነገረ።» ነገ ሐኪሙ ቢጠይቅ መልሱ እዚህ አለ። «ተናድደው» ግን የጥርስ ሕመም ይሁን የሆድ ድርቀት አይናገርም።

ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ። በእኛ ሰዓት የለመደ አእምሮ 14:00ን «8 ሰዓት» ብሎ አስቦ «8:00» ብሎ ይጽፋል፤ የመድኃኒት ሰዓት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በወረቀት ላይ ከተሳሳቱ ስሕተቱን በአንድ መስመር ሰርዘው ይፈርሙ፣ ነጭ ቀለም አይቀቡ።

ጥያቄ፦ ድርጅቱ ኤቢኤን (የንግድ መለያ ቁጥር) አውጣ፣ በሰዓት የተሻለ እንከፍልሃለን አለኝ። (ከዳንደኖንግ)

መልስ፦ ሺፍትዎን እነሱ የሚመድቡ፣ ዩኒፎርሙን እነሱ የሚያለብሱ፣ ደንበኛው የእነሱ ከሆነ እርስዎ ነጋዴ ሳይሆኑ ሠራተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም። በኤቢኤን ሲሠሩ 12 በመቶው ሱፐር (የጡረታ መዋጮ)፣ ቋሚ ላልሆነ ሠራተኛ የሚከፈለው 25 በመቶው የካዥዋል ጭማሪ፣ የጉዳት ዋስትናው፣ ለአንድ ጥሪ ቢያንስ የ2 ሰዓት ክፍያው ሊቀርብዎት ይችላል። ወገብዎ ሲጎዳ «የተሻለው» ክፍያ ያልቃል። በ131 450 የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቀው የሠራተኞችን መብት የሚከታተለውን ፌር ወርክን ያነጋግሩ፤ ክፍያ የለውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። በጤና ኤክስቴንሽን ደረጃ 4 ጨርሼ ገጠር ጤና ኬላ ላይ ሠርቻለሁ። ሜልቦርን ላለው ወንድሜ ዘንድ ብሄድ ትምህርቴ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ በቀጥታ አይቀየርም፤ ነገር ግን ባዶ እጅዎን አይደሉም። የቀድሞ ዕውቀት ምዘና የሚሉት አለ፤ መዛኙ እያንዳንዱን የትምህርት ክፍል ከማስረጃዎ ጋር ያስተያያል። ኢንፌክሽን መከላከል፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፣ ጤናማ የሰውነት አሠራር፣ ቤት ለቤት መሥራት ላይ ጥሩ ማስረጃ ይኖርዎታል። የአውስትራሊያ ሕግ፣ በግለሰቡ ዕቅድ መሠረት መደገፍ፣ በሆይስት ማንሣት ግን እዚያው የሚማሯቸው ናቸው። ቪዛ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምዘናው ቪዛ አያመጣም።

ከመሄድዎ በፊት ከኮሌጁ ዝርዝር ውጤትዎን፣ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀትዎን (ሲኦሲውን)፣ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ የሥራ ደብዳቤ ይያዙ። ደብዳቤው «በሥራዋ ታታሪ ነበረች» ከሚል ይልቅ የሠሩትን ይዘርዝር፦ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስንት አባወራ፣ ምን ምን አገልግሎት፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። ትርጉሙን እዚያ አገር ሲደርሱ ከናቲ (የአውስትራሊያ የተርጓሚዎች ፈቃድ ሰጪ) ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ያሠሩት፤ ዋናውን ግን ማኅተሙ በደንብ የሚነበብ አድርገው ከዚህ ይውሰዱ። የደበዘዘ ማኅተም ከዚያ ሆኖ ማሳደስ ወራት ይፈጃል።