አክሪዲቴሽን ማስተማርን የሚለውጠው ምዘናው ሲለወጥ ነው

ሰላም ወንድሜ። «የጤና ፕሮሞሽን ዲግሪያችንን ለአክሪዲቴሽን፣ ማለትም ለፕሮግራም እውቅና፣ እያዘጋጀን ነው፤ ብቃት ተኮር የሚባለው ነገር ክፍል ውስጥ የሚለውጠው አለ ወይስ ወረቀት ብቻ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ድሬዳዋ ላይ ተማሪዎች ይዤ መስክ ስለምወጣ ካየሁት ልንገርህ። ብቃት ተኮር ማለት ተማሪው በሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው የሚመዘንበት ማለት ነው። ይለውጣል፣ ግን ምዘናው ከተለወጠ ብቻ።

ዓለም አቀፉ የጤና ፕሮሞሽንና ትምህርት ኅብረት እውቅና የሚሰጥበት ማዕቀፍ ዘጠኝ ብቃቶች አሉት፦ ለውጥን ማስቻል፣ ለጤና መሟገት፣ አጋሮችን ማቀራረብ፣ ተግባቦት፣ አመራር፣ ዳሰሳ፣ እቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማና ምርምር። የትኛው ኮርስ ላይ ታስተምራቸዋለህ? በምንስ ትመዝናቸዋለህ? የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሞልቶ መገላገል ይቻላል። ሁለተኛው ነው የሚያፋጥጠው። ማቀራረብን በምርጫ ጥያቄ እንዴት ትፈትነዋለህ?

አቦ፣ የኛን ከተማ ተመልከት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬን ሲያዳርሳት ትንኟ የምትራባው ሰው በየቤቱ ባጠራቀመው ውሃ ነበር። ተማሪ «በርሜላችሁን ክደኑ» ብሎ አስተምሮ ቢመለስ ተግባቦት ላይ ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ሰው ግን ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቀበሌውን፣ የውሃ አገልግሎቱን ሰዎች፣ እድሩን፣ የሰፈሩን እናቶች አንድ ላይ ማስቀመጥ አለበት፣ ያውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛም እየተግባባ። እኔ የምመዝነው ያንን ስብሰባ ነው። ማንን ጠራ? ዝም ያለውን ሰው እንዴት አናገረ? ሲጨቃጨቁ ምን አደረገ? ተስማምተው ሲወጡ ማን ምን ሊሠራ ቃል ገባ? ይህን ቁጭ ብለህ ካላየህ በሪፖርት አታገኘውም፤ ሪፖርት ደግሞ ከጓደኛ ይገለበጣል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ መምህሩንም ተማሪውንም ወደ ሽምደዳ ይጎትታል። ልጆቹ ማለፍ ስላለባቸው አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነው የመስክ ልምምዱ ከጠቅላላ ውጤቱ ጠቀም ያለ ድርሻ እንዲይዝ ካሪኩለሙ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት። ካልተጻፈ ሴሚስተሩ ሲጣበብ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

መስክ ላይ ተማሪውን አይተው ነጥብ የሚሰጡትን ሱፐርቫይዘሮችንም አትርሳ። ሁለቱ አንድ ተማሪ አይተው የተራራቀ ነጥብ ከሰጡ የምትመዝኑበት ቼክሊስት ገና አልበሰለም፤ ቁጭ ብላችሁ ለምን እንደተለያያችሁ ተነጋገሩበት።

ዲኑ ጋ ስትገባ ደግሞ የእውቅና ሰጪውን ጥያቄ ይዘህ ግባ። የትራንስፖርት በጀትና ተጨማሪ ሱፐርቫይዘር እንዲሁ ስትጠይቅ «በሚቀጥለው ዓመት» ትባላለህ፤ «በምን እንደምንመዝን ማስረጃ ይፈልጋሉ» ስትል ግን ያዳምጡሃል።