በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ለአጋዘን፦ የትኛው ካሊበር ይሻላል? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ቤተሰብ። ኖቬምበር ደረሰ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ፔንሲልቬንያ ያላችሁ ልጆች ያንኑ ጥያቄ በየሳምንቱ ትልኩልኛላችሁ፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ካሊበር ልግዛ?» አንድ ቦታ ልመልስ ብዬ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያደንኩት በእንጨት ሰደፍና በክብ እርሳስ ነው። የማውቀውም እሱን ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ጥቁር ባሩድ ወይም ለእሱ ምትክ ተብሎ የተሠራ ባሩድ ብቻ። ሁለተኛ፣ እርሳሷ ባሩዱ ላይ ቁጭ ማለት አለባት። በመሃል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ያብጣል ወይ ይፈነዳል። ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

አዲስ አዳኝ፦ ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። የማድነው ነጭ ጭራ አጋዘን ብቻ ነው። 50 ወይስ 54?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። 50 ካሊበር ማለት የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች ነው ማለት ነው። እርሳሷ በጨርቅ ተጠቅልላ ስለምትገባ ትንሽ ታንሳለች፣ 0.490 ኢንች ናት። 177 ግሬን ትመዝናለች፣ አሥራ አንድ ግራም ተኩል ገደማ። የ45ቷ 128 ግሬን ናት። የ54ቷ 224 አካባቢ። ልብ በል፣ ከ45 ወደ 54 ስትሄድ ስፋቷ የጨመረው አንድ አምስተኛ ነው፤ ክብደቷ ግን በሦስት አራተኛ ጨመረ። ድቡልቡል ነገር እንዲህ ነው። ክብ እርሳስ ደግሞ አየር አትሰነጥቅም። መቶ ያርድ ስትደርስ ከፍጥነቷ ከሲሶ በላይ ጥላለች። እዚያ ላይ የሚቀርላት ስፋቷና ክብደቷ ነው።

የመጀመሪያ ጠመንጃዬ 45 ነበር። አንድ ምሽት ሰባ ያርድ ላይ ሰያፍ የቆመ ወንድ አጋዘን መታሁ። ጭሱ ሲገለጥ የለም። የቆመበት ቦታ አንድ ቁንጥር ነጭ ጸጉር አለ፤ በደረቀ ቅጠል ላይ ሁለት ጠብታ ደም። ከዚያ ወዲያ ምንም። እስከ እኩለ ሌሊት በባትሪ ፈለግሁ። ያገኘሁት በማግስቱ ነው፣ ሥጋው ተበላሽቶ። እርሳሷ ትከሻው አጥንት ላይ ቀርታለች። በወዲያኛው ጎን ስላልወጣች የምከተለው ደም አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል። 54 የገዛሁት በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ 50 ካለህ አትቀይር። እስከ 75 ያርድ በደንብ ይሠራል፣ እርሳሱም በየሱቁ አይጠፋም። አዲስ ከሆነ የምትገዛው ግን 54 ውሰድ። ሰው የማያነሳውን አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ የበርሜሉ ውጪ እኩል ከሆነ 54ቱ ከ50ው ይቀላል። ብረቱ ከውስጥ ስለተፈለፈለ ነው። ዳገት ስትወጣ ታውቀዋለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የሥራ ባልደረባዬ 36 ካሊበር ሰጠኝ። በጣም ያምራል። ተጠግቼ ብተኩስ ለአጋዘን አይሆንም?

አይሆንም። 36 የሽኮኮ ጠመንጃ ነው። ሜሪላንድ ለአጋዘን ከ40 በታች አትፈቅድም፣ ባሩዱም ከ60 ግሬን ማነስ የለበትም። ቨርጂኒያም የራሷ ወሰን አላት። ፔንሲልቬንያ በባልጩት ጠመንጃው፣ በድንጋይ ፍንጣሪ በሚቀጣጠለው፣ ወቅት 44 ትላለች። የዘንድሮውን መመሪያ ራስህ አንብበው።

ኪዳን 7፦ የቱ ነው ምርጡ ካሊበር?

ለምን እንስሳ? የት ክፍለ ግዛት? በስንት ያርድ? አሟልተህ ጠይቀኝ።

ብሩክ፦ ጥቁር ባሩድ ተወደደ። ከጥይት ቀለሃ ውስጥ አውጥቼ ትንሽ ብቻ ብጨምርስ?

በፍጹም! ቀለሃ ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። የሚፈጥረውን ግፊት ይህ በርሜል አይችለውም። ሲፈነዳ የሚሄደው በርሜሉን የደገፈው እጅህ ነው፣ ከዚያ ዓይንህ። ትንሽም አይሆንም። ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎም አይሆንም። «ጓደኛዬ ሞክሮት ምንም አልሆነም» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ አንዱ ልጅ አንብቦ ያምናችኋል።

የመንዝ ልጅ፦ የአያቴ ውጅግራም በአፈሙዟ ነበር የምትጎርሰው። ጭስ አልባ፣ ምናምን የሚል አልነበረም።

ጎንደሬው፦ ወንድሜ፣ ውጅግራ በኋላዋ ነው የምትጎርሰው። ቀለሃ አላት።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!

ጎንደሬው ልክ ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ስሙን እኛ ነን ውጅግራ ያደረግነው። በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የፈለገ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይሂድ። ኤፕሪል 10፣ 1868 እ.ኤ.አ. አሮጌ ሜዳ ላይ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት ቀን፣ የእኛ ሰው ከያዘው ነፍጥ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር በኋላው ይጎርሳል። የእኛ ወታደር ባሩድ ቀድቶ፣ እርሳስ ከቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ ቀና እስኪል ድረስ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ያነሰው ጊዜ ነው። ጫካ ውስጥ ዘንጌን ስመዝ ሁልጊዜ እነሱ ትዝ ይሉኛል። ያለችን አንዲት ጥይት ናት። ለዚህ ነው ስለ ርቀት የምጨቀጭቃችሁ።

የመንዝ ልጅ፦ እሺ፣ ሴባስቶፖልስ?

ሴባስቶፖልም በአፈሙዙ ነው። ወደ አጋዘኑ እንመለስ።

ሚኪ፦ ማስታወቂያዎቹ ላይ 1 በ28፣ 1 በ48፣ 1 በ66 የሚል አያለሁ። ምንድን ነው?

ከካሊበሩ ይልቅ ይህን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ አለ። 1 በ66 ማለት እርሳሷ አንድ ጊዜ ለመዞር 66 ኢንች ትሄዳለች ማለት ነው። ክብ እርሳስ ቀስ ያለ መዞር ነው የምትወደው፣ 60 ወይም 66። ፈጣን መዞር ላይ ብዙ ባሩድ ስታደርጉባት ቦዩን ትዘላለች፣ ከዚያ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። 28 ረዘም ላሉት ጥይቶችና በፕላስቲክ ለሚለበሱት ነው። 48 አስታራቂው ነው፤ ሁለቱንም ይሞክራል። ቶምፕሰን ሴንተር በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሆከን 48 ነው፣ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። ብዙዎቻችሁ የገዛችሁት እሱን ይመስለኛል። በመጠነኛ ባሩድ፣ 70 ግሬን አካባቢ፣ ክብ እርሳስን አሳምሮ ይተኩሳል። በርሜሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ በዘንጉ ጫፍ የተቀባ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ስትስቡት ምን ያህል እንደዞረ እዩ። ሩብ ዙር ለመዞር 12 ኢንች ከሄደ 48 ነው።

ዴንቨር 303፦ ኮሎራዶ ነኝ። 45 አለኝ። ለኤልክስ፣ ለትልቁ የአጋዘን ዘመድ?

ለኤልክ ሕጉ 50 ነው። የ45ህን ለአጋዘን ያዘው።

ዮኒ፦ በቪዛ ያለ ሰው መግዛት ይችላል?

ጠበቃ ጠይቅ። እኔ ባሩድ እንጂ ሕግ አላውቅም።

ፍሬው፦ ጋሼ፣ 50 ይሻላል 54?

ከላይ መልሻለሁ። አንብበው።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ቁመቴ አጭር ነው። ባለቤቴ 54 ግዢ ይለኛል፣ እኔ ግን ምቱን ፈርቼዋለሁ። ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው።

እህቴ፣ እሱን አትስሚው። ለአንቺ 50 ነው፣ አጭር በርሜል ያለው። ከ60 እስከ 70 ግሬን ባሩድ አድርጊበት፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከሚጠይቁት አያንስም። ሃምሳ ያርድ ላይ ለአጋዘን አይጎድልም። ምቱን ፈርተሽ ዓይንሽን ከጨፈንሽ 54ም አያድንሽም። ከግዢው በፊት ወደ ትከሻሽ አንሺው። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንሺና ስትገልጪ ማነጣጠሪያው ፊት ለፊትሽ ካልሆነ ሰደፉ ረዝሞብሻል፣ እንጨት ሠሪ ያሳጥረዋል። ሌላው የሰደፉ ጫፍ ነው። እንደ ጨረቃ የጎደጎደ ብረት ያለውን ተዪው፣ ትከሻ ይወጋል። ጠፍጣፋውን ውሰጂ። እርሳሷ ባሩዱ ላይ ስትቀመጥ ዘንጉ ከአፈሙዙ ጋር በሚተካከልበት ላይ ምልክት አድርጊበት። ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከታየሽ እርሳሷ አልደረሰችም፤ እንዳትተኩሺ።

ሄለን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥጋውንስ ክትፎ ማድረግ ይቻላል?

ጎንደሬው፦ ምን ችግር አለው? ሥጋ ነው!

ወለተ ማርያም፦ ቆይ፣ በጥይት የሞተ ሥጋ ሳይባረክ ይበላል እንዴ? በቢላ «በስመ አብ» ተብሎ ካልታረደ እኛ ቤት አይገባም።

ጎንደሬው፦ ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ብሉ ይላል። አባቶቻችን አድነው አልበሉም?

ወለተ ማርያም፦ ብሉ ማለትና ሳይታረድ ብሉ ማለት አንድ ነው?

የባረኮቱን ነገር ለንስሐ አባታችሁ። እዚህ አትጨርሱትም። ስለ ጥሬው ግን እኔ ልናገር፦ የዱር ሥጋ ጥሬ አይበላም፣ ለብለብም አይሆንም። ጥገኛ ተሕዋስያን ይኖሩበታል። እንስሳው እንደ ከብት አልተመረመረም። ጥብስ አድርጉት፣ በደንብ በስሎ። የቆሰለውን አካባቢ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ፍርፋሪው ሥጋ ውስጥ ይቀራል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቨርጂኒያው ወቅት በኖቬምበር መጀመሪያ የሚከፈት መሆኑ ለእኛ ይመቻል፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ነው። ፔንሲልቬንያ ከፈረንጆቹ ገና ማግስት የምታድኑ ደግሞ ለእኛ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቃችኋል።

ፊላደልፊያ፦ ስለ ፔንሲልቬንያ ካነሱ፣ የባልጩቱ ጠመንጃዬ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ቀረ። ባሩዱ ምትክ ባሩድ ነው። ካሊበር ልቀይር?

ካሊበሩ ምንም አላጠፋም። ምትክ ባሩድ ለመቀጣጠል ከጥቁሩ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ የባልጩት ፍንጣሪ አይበቃውም። እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ግዛ። ኤፍ ሲበዛ ባሩዱ ይደቅቃል፦ በርሜሉ ውስጥ ሁለት ኤፍ ወይም ሦስት ኤፍ፣ ፍንጣሪው የሚያርፍበት ሳህን ላይ የደቀቀው አራት ኤፍ። ሳህኑን አትሙላው። የእሳት ቀዳዳውን ከሸፈንከው እሳቱ ባሩዱን በልቶ እስኪገባ ይዘገያል፣ አጋዘኑ ሄዷል። ከቀዳዳው በታች፣ ሲሶ ያህል ይበቃል። ዝናብ ካለ የማቀጣጠያውን ክፍል በተቀባ ቆዳ ሸፍነው፣ በየግማሽ ሰዓቱም የሳህኑን ባሩድ ቀይር። ብልጭ ብሎ ከቀረ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ አንድ ደቂቃ ጠብቅ።

ሳሚ፦ መነጽር ያለው ዘመናዊውንስ ምን ይላሉ?

እሱን አላውቀውም። ሌላ ሰው ይመልስልህ።

ኪዳን 7፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሟልቼ መጣሁ። ቨርጂኒያ፣ አጋዘን፣ ከ60 ያርድ በታች፣ 50 ካሊበር ገዝቻለሁ። ግን ጥይቱ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ይሄዳል።

እንዲህ ነው ጥያቄ። ከተኮስክ በኋላ ወደፊት አሥር እርምጃ ሄደህ ሣሩ ላይ ጨርቁን ፈልገው። እርሳሷን የጠቀለልክበትን ማለቴ ነው። እሱ ሁሉን ይነግርሃል። መሃሉ ተቃጥሎ ቀዳዳ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል ወይ ቅባቱ አንሷል። ጠርዙ በምላጭ እንደተቀደደ ከሆነ አፈሙዙ ስለት አለው፣ በጣትህና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ አለስልሰው። ጠቁሮ ግን ሙሉ ከሆነ፣ መልሰህ ልትጠቀልልበት የምትችል ከመሰለህ፣ ጨርቁ ደህና ነው። ያኔ ባሩዱን በአምስት አምስት ግሬን እየቀያየርክ ሞክር፣ በየተኩሱ መሃል በርሜሉን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግህ። ጨርቆቹን አትጣላቸው። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እሑድ አያቸዋለሁ።