ሁለተኛውን አልበም ለምትሠሩ ልጆች

ሰላም ልጆች፣

በቀደም አንዲት ወጣት ድምፃዊት ስቱዲዮ መጣችና ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ ስታይሌን ልቀይር ነው» አለችኝ። የመጀመሪያ አልበሟ ጥሩ ሄዶላታል። «ወደ ምን?» አልኳት። ስልኳን አውጥታ የሌላ ሰው ዘፈን ከፈተችልኝ። ቀጥላ የሌላ። ቀጥላ የሌላ። አምስተኛው ላይ «ያንቺስ የታለ?» ስላት ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል።

ሠላሳ ዓመት ግድም በቅንብርና በሚክሲንግ ስሠራ የመጀመሪያ አልበም ያስቸገረው ሰው ብዙም አላየሁም። ጉዱ ሁለተኛው ላይ ነው። በሙያችን አንድ የቆየ አባባል አለ፤ ለመጀመሪያው አልበም ዕድሜህን ሙሉ ጊዜ ነበረህ፣ ለሁለተኛው ስድስት ወር ይሰጡሃል ይባላል። እውነት ነው። የመጀመሪያው ላይ ያሉት አሥር ዘፈኖች ከአርባ ወይም ከሃምሳ የተመረጡ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላችሁ የጀመራችሁት ዜማ አለበት። የመጀመሪያ ፍቅር አለበት። ከቤተሰብ ጋር የተኮራረፋችሁበት ሌሊት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ግን መድረክ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ፎቶና አውሮፕላን ማረፊያ ነው። «ቀጣዩስ?» ስትባሉ ደብተራችሁን ትገልጣላችሁ። እዚያ ያለው ያኔ ሳይመረጥ የቀረው ነው። ወይም ስለ ሆቴል ክፍል ብቸኝነት የጻፋችሁት ግጥም። (ስለ ዝና መራራነት የሚያወራ ሁለተኛ አልበም ስንቱን እንደቀዳሁ አትጠይቁኝ። አድማጩ በጠዋት ተነስቶ ሥራ የሚገባ ሰው ነው፤ ምን አገባው?)

ስታይል ትዝ የሚለው እንግዲህ ዘፈን ሲጠፋ ነው። አንዱ ፈርቶ የመጀመሪያውን አልበም ይደግመዋል። ሌላው ፈርቶ ሁሉንም ያፈርስና በአንድ ጀምበር ሌላ ሰው ይሆናል። ሰው ሁለተኛውን «ደፋር» ይለዋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያንኑ ፍርሃት ነው የማየው።

ለውጥ አታድርጉ ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊቷን ድምፃዊት ኤሚ ዋይንሀውስን ውሰዱ። የመጀመሪያ አልበሟ በ2003 ወጣ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ጃዝ ነው፤ ከሥሩ የሂፕ ሆፕ ምት ያለበት። እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። በ2006 ሁለተኛው ሲመጣ ጃዙ ወደ ኋላ ሄዷል። በቦታው የ1960ዎቹ የሴት ድምፃውያን ቡድኖች ለዛ ገባ፤ ትንፋሽ መሣሪያው፣ ደረቁ ድራም፣ ከኋላ የሚቀበለው ድምፅ። ፕሮዲውሰሩ ማርክ ሮንሰን የኒው ዮርኩን የዳፕ ኪንግስ ባንድ አስገብቶ በሕያው መሣሪያ አስቀዳላት። በ2008 አምስት ግራሚ፣ ትልቁን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ ወሰደች።

ይህን ታሪክ የሚነግሯችሁ ሰዎች «አያችሁ፣ ስታይሏን ቀየረችና ሰመረላት» ብለው ያቆማሉ። እስቲ ሁለቱን አልበሞች ባንድ ቀን አዳምጡና ያልተቀየረውን ፈልጉ። ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚገባው አዘፋፈን እዚያም እዚህም ያው ነው። ለራሷ የማትራራው ግጥሟ ያው ነው። የመጀመሪያው ላይ የሠራው ፕሮዲውሰር ሳላም ሬሚ እንኳ ሁለተኛውም ላይ አለ። የተቀየረው በዙሪያዋ ያለው ነው፤ እሱም ዝም ብሎ አልተቀየረም። ልቧ ተሰብሮ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የምታዳምጠውም እነዚያን የድሮ ዘፈኖች ነበር። እነሱ ደግሞ ሐዘንን ሳያወሳስቡ በሦስት ደቂቃ የሚናገሩ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያን ጊዜ ልትናገረው የፈለገችውን ነገር የተጠላለፈው የጃዝ ኮርድ አይችለውም ነበር።

እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት አዴልም በሌላ መንገድ ያው ናት። የመጀመሪያ አልበሟ በ2008 ወጣ። ለሥራ አሜሪካን ስትዞር የአውቶቡሷ ሹፌር የሚከፍተው የአገሩ ሙዚቃ፣ ካንትሪና ብሉግራስ፣ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ስብሰባ አልተጠራም። ሹፌሩ ከፈተ፣ እሷ ሰማች። በ2011 የወጣው ሁለተኛው አልበም ላይ ያ ነገር በግልጽ ይሰማል። በሙያዬ ደግሞ ከዚያ አልበም የምወደው አንድ ነገር አለ፤ የመክፈቻው ዘፈን ላይ የምትሰሙት ድምፅ መጀመሪያ ለዴሞ፣ ለሙከራ ቅጂ፣ የተቀዳው ነው። ፕሮዲውሰሩ ፖል ኤፕዎርዝ የዚያን ቀኑን ስሜት መድገም ስላልተቻለ እሱኑ አስቀረው። ዴሞ እየቀዳችሁ ከሆነ ጥሩ ማይክ ተጠቀሙ የምለው ለዚህ ነው። ቁምነገሩ ያን ቀን ሊመጣ ይችላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከኢንተርኔት የገዛችውን ቢት፣ ያለቀለት የመሣሪያ ቅንብር፣ ከፈተች። ፍጥነቱ በደቂቃ 128 ምት ነው፤ ያስጨፍራል። በላዩ ላይ ዘፈነች። ድራሙን ዘጋሁት። ቤዙን ዘጋሁት። ሲንቱን (የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሣሪያውን) ዘጋሁና ኪቦርድ ላይ ኮርዱን ብቻ ያዝኩላት። አዝማቹ አራት ቃል ሆኖ ተገኘ፤ አራት ቃል ስምንት ጊዜ። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

«ሌላ አለኝ፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ከአልበሙ ጋር አይሄድም» አለች። «በይው» አልኳት። ያለመሣሪያ ዘፈነችው። እናት ስልክ ታነሳለች። «ቤት ነኝ» ትላለች። ከጀርባዋ ግን የሆስፒታል ድምፅ ማጉያ የሰው ስም ይጠራል። ግጥሙ ይኸው ነው። ልጅየዋ እንደሰማች አትናገርም፤ እናትየዋም እንደታወቀባት አታውቅም። ያለቀሰ የለም፣ ግን ሻዬን ረስቼው በረደ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከዚያ ከገዛችው ቢት ቤዙን ብቻ አስቀረን። ፍጥነቱን ወደ 84 አወረድነው። ያ ወፍራም ቤዝ በዝግታ ሲሄድ ሌላ ነገር ሆነ፤ በረጅም ኮሪደር የሚመጣ ኮቴ ይመስላል። አዲስ ስታይል ትፈልግ አልነበር? ይኸው መጣላት። የመጣው ግን ከዘፈኑ ነው። የዘፈን ትርፍ ያላችሁ እንደሆነ ይህን ሞክሩ፤ ሁሉንም በአንድ መሣሪያ ብቻ ዘፍናችሁ ቆሞ የማይሄደውን አውጡት። ስለ ስታይል የምታወሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ መድረኩ። አዲሱን አልበም በሲንትና በኮምፒውተር ትሠሩና ኮንሰርት ሲደርስ ሰው የሚጮኸው የድሮውን የጊታር ዘፈን ስጡን ብሎ ነው። አንድ ባንድ ሁለቱን እንዴት ይጫወታል? ቅንብሩ ሳያልቅ ይህን አስቡ። ከድሮዎቹ ሦስት አራቱን በአዲሱ ድምፅ እንደገና አቀናብሩ። አንዱን ግን እንዳለ ተዉት፤ ሰው የመጣው ለሱ ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። ለሁለተኛው አልበም የሚሰጣችሁ ቅድመ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ስጦታ አይደለም፤ ከሽያጭ ድርሻችሁ ተቆርጦ የሚመለስ ነው። ትልቅ ቅድመ ክፍያ ሲመጣ «አምነውብኝ ነው» ብላችሁ ስቱዲዮ ውስጥ አትጨርሱት። ውሉንም የሕግ ሰው ያንብብላችሁ።

ከደረሰባችሁ ደግሞ መዘግየት ነውር አይደለም። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሎሪን ሂል በ1998 ለብቻዋ ባወጣችው የመጀመሪያ አልበም አምስት ግራሚ ወሰደች። በ2002 አንድ ጊታር ይዛ የቀዳችው የመድረክ አልበም ወጣ እንጂ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም ከዚያ ወዲህ አላወጣችም። አሳዛኝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማይሆን ሁለተኛ ከመስማት የመጀመሪያውን መቶ ጊዜ ብሰማ ይሻለኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ገና ወጣት አቀናባሪ ሳለሁ አንዲት ድምፃዊት ለሁለተኛ አልበሟ ስድስት ዘፈን ይዛልኝ መጣች። ዘፈኖቹ ጥሩ ነበሩ። እኔ ግን የዘመኑን ድራም ጫንኩባቸው። ይባስ ብዬ ቅንብሩ እንዲደምቅልኝ ቶኑን ከፍ አደረግሁት። ስቱዲዮ ውስጥ ቆራርጠን ቀዳነው፤ አማረ። መድረክ ላይ ግን አልወጣላትም። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ታዞረዋለች። ሰው ስታይል መስሎት ይዘፍንላታል። ጉሮሮዋ እምቢ እንዳላት የምናውቀው እሷና እኔ ነን። አልበሙም ብዙ አልቆየም። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብላኝ አታውቅም፤ ይሄ ነው የከበደኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ትንሽ መድረክ ድምፅ እንድሠራ ተጠራሁና ሄድኩ። እሷ ናት። ከአንድ ጊታር ተጫዋች ጋር ብቻ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ያንን ዘፈን ጀመረች፤ ቶኑን ወደ ነበረበት አውርዳዋለች። ሚክሰሩ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ከፍቼ እጄን አነሳሁ። አዝማቹ ላይ ማይኩን አላዞረችም።

ሲያልቅ መጥታ የጠየቀችኝ መድረክ ላይ ራሷን የምትሰማበት ሞኒተር ለምን እንዳነሰባት ነው።