ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ አቁሚ ለተባለችው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የሦስት ዓመት ልጅሽን ችፌው አልለቀው ብሏል፣ ሆዱም ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ሐኪሙ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ ለጊዜው አቁሚለት ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ታዲያ ምን ይብላ? አያቱን ምን ልበላቸው? የፍየል ወይስ የግመል ወተት ልቀይርለት?» ብለሻል። እኛም ቤት ይሄው ነገር በልጃችን ላይ አልፏል። ባለቤቴ በፈረቃ ስለምትሠራ ማዕድ ቤቱ የኔ ነበር። አባት ምን ያውቃል ብለሽ እንዳታልፊኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዪ። ልጁ ወተት ወይ እንቁላል ቀምሶ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ አብጦ ያውቃል? ሰውነቱ ሳማ እንደነካው ተቆጥቶ፣ አስመልሶት ወይ ትንፋሹ ሲር ብሎ ያውቃል? አንዴም ቢሆን እንዲህ ካየሽ፣ ምግቡን መልሶ ስለ መስጠት ከታች የምጽፈውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው። እሱ ሐኪም ባለበት ነው የሚደረገው። ትንፋሽ ካጠረው ወይ ከተዝለፈለፈ ደግሞ ሽሮፕ ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ አትዙሪ። ባጃጅ ያዢና ድንገተኛ ክፍል ግቢ። እዚያ የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነው። የጻፍሽውን ሳየው ያንቺ ልጅ በሰዓታት ወይም በቀናት ቀስ ብሎ የሚመጣው ዓይነት ይመስላል። የሚለየው ግን ሐኪሙ ነው።

የሰገራ ምርመራስ ተደርጎለታል? የልጅ ተቅማጥ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ጃርዲያ ወይም አሜባ ከሆነ ወሩን ሙሉ ወተት ብትከለክዪው ንቅንቅ አይልም። ሽፍታውም እንደዚያው ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የድሬ ልጅ አንገቱና ጀርባው ሽፍ ሳይል አይከርምም። በዚያ ሰሞን ብትጀምሪ የምግቡን ከሙቀቱ መለየት አይሆንልሽም። ሐኪሙ ካላጣደፈሽ አየሩ ረገብ የሚልበትን ኅዳርና ታኅሣሥን እመርጥልሻለሁ። ያኔም ቢሆን ቅባቱንና ሳሙናውን እንዳለ ቀጥዪ። ሁሉን ባንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት። የኛ ምግብ አስቸጋሪነቱ ተመጥኖና ተደባልቆ መሠራቱ ነው። አጥሚቱን ብቻ እዪው፦ አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ። ልጁ ይጠንክር ተብሎ ያልገባበት የለም። ስለዚህ ምጥን አጥሚትን ለጊዜው እርሺው። በሶም የገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ለስንዴ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ይቁም ወይ ይቀጥል ሐኪሙን ጠይቂ። ገበያ የሚሸጠው እንጀራም ጤፍ ብቻ ነው ብለሽ አትመኚ። እኛ ማሽላ አስፈጭተን ቤት ጋግረን ነው ያለፍነው።

ወፍጮ ቤቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከፊትሽ ስንዴ ከተፈጨ ድንጋዩ ሥር የቀረው ዱቄት ካንቺ ማሽላ ጋር ይወርዳል። እኔ በማለዳ ቀድሜ እሄድ ነበር። ካልቀደምኩ መጀመሪያ የወረደውን ሁለት ሦስት ጣሳ ለብቻው በፌስታል ተቀብዬ ለኛ ለትልልቆቹ ቂጣ አደርገዋለሁ። የልጅቷ ከዚያ በኋላ የወረደው ነው። ባለ ወፍጮው በዚያ ሰሞን ጠንቋይ ያዘዘልኝ መስሎት በጎሪጥ ያየኝ ነበር።

ንጥር ቅቤም ወተት ነው። ቢነጠርም ትንሽ የወተት ፕሮቲን አይጠፋበትም፤ በዘይት ሥሪ። ብስኩትና ቸኮሌት ላይ ጽሑፉን ሳታነቢ እንዳትገዢ። በእንግሊዝኛ «ዌይ»፣ «ካዜን»፣ «ሚልክ ሶሊድስ» የሚለው ሁሉ ወተት ነው። ታይዋን ገበያ ከሚሸጠው ውስጥ ዓረብኛ ብቻ የተጻፈበት ያጋጥማል። ለሱ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ቁርአን ቤት ስለምትማር ማሸጊያውን ወደ መብራት አስጠግታ ቀስ እያለች ትፈታልኛለች። «ሐሊብ አለው»፣ ማለትም ወተት አለው፣ ካለችኝ ብስኩቱ የሷ ይሆናል። ደስ ይላት ነበር፣ ምን ታድርግ!

ምን ይብላ ላልሽው፣ ድሬ መሆንሽ ጥሩ ነው። ሩዝ እዚህ የእንግዳ ምግብ አይደለም። ሩዝ በሥጋና በካሮት፣ የማሽላ ወይ የበቆሎ ገንፎ በዘይት፣ የቡላ ገንፎ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። ፓስታና ሳምቡሳ ስንዴ ስለሆኑ ይቀራሉ፤ ፉሉን በዳቦ ፈንታ በማሽላ ቂጣ ስጪው። የጾም ምግብ ሌላው እፎይታ ነው፤ ወተትም እንቁላልም የለበትም። ግን የጾም ኬክ በስንዴ ዱቄት እንደሚሠራ አትርሺ። ወተት ሲቀር ቅባትና ፕሮቲን አብሮ ስለሚቀንስ ዘይቱን አትሰስቺ፤ ምስርና ሥጋም አይራቁት። ስለ ካልሲየምም ጠይቂ። ከመጀመርሽ በፊት ይመዘን፣ መሃል ላይም ይመዘን። ክብደቱ ከቀነሰ ሐኪሙ ሳይሰማ አትቀጥዪ።

የፍየል ወተት አይሆንም። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል በላም ወተት የሚታመም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በፍየሉም ይታመማል። የግመሉ ይለያል፤ የሚስማማቸው ልጆች አሉ። ቢሆንም በዚህ የሙከራ ጊዜ አዲስ ነገር መጨመር ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደም ሳታፈዪ እንዳትሰጪው። ከጄሪካን የተቀዳውን ጥሬውን ጠጥተን ነው ያደግነው የሚል አይጠፋም። ከጥሬ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ግን ለማንም አይመለስም።

አያት ላይ ብዙ አትከራከሪ። እናቴ «ልጅ በወተት ነው የሚያድገው፣ ደግሞ ሁዳዴ አስገባችኋት እንዴ?» ብላ ተነሥታ ነበር። «አለርጂ» ስላት ጭራሽ አልሰማችኝም። «እማዬ፣ ሐኪሙ ለምርመራ ነው ያለው፣ መጨረሻውም ቀን ተቆርጦለታል» ስላት ግን የሳህኗ ጠባቂ ሆና አረፈችው። ለጎረቤትም ይሄንኑ ንገሪ። ሰፈራችን ልጅ በደረሰበት ቤት የሚጎርስበት ስለሆነ በየቤቱ ሄዶ መንገር ግድ ነው። እኔ ብስኩት ሲሰጣት ይዛልኝ እንድትመጣና በሌላ እንድቀይርላት አስለምጃት ነበር። ኢድ ሲሆን ኪሷ ሞልቶ ትመጣለች።

ቀን የተቆረጠለት ያልኩት ለማባበል አልነበረም። ማቆሙ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው፣ ለቆዳ አንዳንዴ እስከ ስድስት። በዚህ ጊዜ ምንም ካልተሻለው ነገሩ ከነዚህ ምግቦች ላይሆን ይችላል። ከተሻለው ደግሞ ሥራው ገና ተጀመረ። ብዙ ሰው «ተሻለው፣ እንግዲህ አይብላ» ብሎ እዚያው ይቀራል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መልሰሽ ካልሰጠሽው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አታውቂም፤ ልጁ በከንቱ ሁለት ምግብ ያጣል። ችፌ ያለበት ልጅ አንድን ምግብ ለረጅም ጊዜ ከተወ በኋላ ሲቀምሰው በፊት ያልነበረ ኃይለኛ አለርጂ ሊነሣበትም ይችላል።

ስትመልሺ ሐኪሙ ባወጣልሽ ቅደም ተከተል ሂጂ። እኛን ስንዴውን አስቀደመን፤ ምክንያቱም ወተትና እንቁላል መጀመሪያ የሚሞከሩት የስንዴ ኬክ ውስጥ በደንብ ተጋግረው ነው። የምድጃው ሙቀት ፕሮቲኑን ስለሚለውጠው ለብዙ ልጆች ይቀልላቸዋል። አንድ ምግብ ብቻ፣ ጠዋት፣ ልጁ ደህና በሆነበት ቀን፣ በትንሹ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ሌላ ሳይጨመር ማየት ነው። የበላውን፣ የሰገራውንና የቆዳውን ነገር ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፊ። ቆዳውን በስልክሽ አንሺው፤ ሁሌም እዚያው መስኮት ጋ፣ በዚያው ሰዓት።

የኛዋ ስንዴው ምንም አላላት። ወተቱም ተራ በተራ እስከ ኩባያው ድረስ አለፈ። እንቁላሉ ኬክ ውስጥ ሆኖ ዝም አለ፤ ቅቅል ሲሆን ግን በማግስቱ ሌሊት የጉልበቷ ማጠፊያ ቲማቲም መስሎ ቀላ። ጠዋት አንሶላው ላይ የጥፍሯን የደም ጭረት አየን። በዚያው አቆምን። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ኬክ ትበላለች፣ ቅቅሉን ሐኪሙ እንደገና እስኪሞክረው እየጠበቅን ነው። በወተትና በእንቁላል የሚጀምራቸው ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ይተዋቸዋል።

በአንድ የደም ምርመራ የማይስማማውን መቶ ምግብ ዘርዝረን እናወጣለን የሚሉ አሉ። «አይጂጂ» የሚባለውን ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ። እሱ ልጁ ያንን ምግብ መብላቱን ነው የሚያሳየው።

ስንዴን ምን አይቶ እንደጨመረው ግን ሐኪሙን ደግመሽ ጠይቂው። ከጻፍሽው ውስጥ ስንዴን የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ወተትና እንቁላሉ ይበቃል ካለሽ ዳቦውም ፓስታውም ይመለሳል፣ ከወፍጮ ቤት ወረፋም ትገላገያለሽ። ያለሽን ንገሪን።